ከሳህኑ ሥር የተለጠፈው ስም

ጥይት ከገበያ በጠፋበት በዚያ ዓመት ቬርና ሃውገን የጎደላት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቀለህ አላት፤ ባሏ ዴልመር በሕይወት ሳለ አጥቦና አድርቆ በየቆርቆሮው የሞላው። ባሩድም እርሳስም አላት። የጎደላት መለኮሻው ነው፤ ያቺ ከቀለሁ ቂጥ የምትወሸቅ፣ ከምስር ፍሬ እምብዛም የማትበልጥ የናስ ቆብ። ባሩዱን የምታቀጣጥለው እሷ ስለሆነች፣ እሷ ከሌለች ሌላው ሁሉ ተሰብስቦ ጥይት አይሆንም።

የምትፈልገው ደግሞ ብዙ አልነበረም። ሀያ ብቻ። አሥሩ ዒላማ ለመፈተሽ፣ አሥሩ ለአደኑ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየጸደዩ ስሟን ለዕጣ ስታስገባ ኖራ፣ በሚዙሪ ወንዝ ገደላገደል ውስጥ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን የማደን ፈቃድ የወጣላት በዚያ ዓመት ነው። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለአንድ መኸር ነው። ቬርና ስልሳ ስምንት ዓመቷ ስለነበር ሌላ አሥራ ሰባት ዓመት መጠበቁን ልቧ አልደፈረውም። ጠመንጃ እንዳትለውጥ ደግሞ የቀኝ ትከሻዋ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ሆና በሠራችበት ሠላሳ አንድ ዓመት ድስት ሲያነሳና ሲያወርድ ኖሮ ተጎድቷል። የምትችለው እርግጫው ለስላሳ የሆነውን የዴልመርን አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ የእሱን ጥይት ደግሞ ራሷ ካልሞላች የሚሸጥላት የለም።

«ዛሬም የለም፣ እትዬ ቬርና» አላት የመደብሩ ባለቤት ጌይሎርድ፣ ገና በሩን ስትከፍት።

«የጭነት መኪናው ማክሰኞ ይመጣል ብለኸኝ አልነበረም?»

«መጣ። ሰባት ሳጥን አራገፈ። ቁልፌን ኪሴ ሳልከት አለቀ። አንዱን አርሊስ ወሰደች፤ ጎህ ሳይቀድ ወንበር ይዛ መጥታ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።»

«አንድ እንኳ ብታስቀምጥልኝ ምን ነበረበት?»

«ልጅ ሆኜ ‹ድንች ይጨምሩልኝ› ብዬ ሳለቅስ ‹ሰልፍህን ጠብቅ› ብለውኝ የለ? ያንን ትምህርት እስከዛሬ አልረሳሁትም።»

ቬርና ፈገግ ብላ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ስትገባ ግን ፈገግታው አብሯት አልገባም። አርሊስ ወንበር ይዛ። ለምን እኔ ወንበር መያዝ አልታሰበኝም?

አርሊስ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት ነው ቤቷ። አርባ ዓመት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቬርናም አርባ ዓመት ሙሉ ስትቀናባት ኖራለች። የሰፈሩን ቲማቲም ውርጭ ሲመታው የአርሊስን ይዘለዋል። የአጋዘን ፈቃድ ለአርሊስ የወጣላት በሁለተኛው ዓመቷ ነው፤ ቀንዱ እስከዛሬ ከጋራዧ በላይ ተሰቅሎ የቬርናን መስኮት ያያል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ባሏ ሃርቪ በሕይወት መኖሩ ነው። በበጋ መስኮት ተከፍቶ ሃርቪ ከቀትር በኋላ ሲያንኮራፋ መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። ቬርና በዚያ ማንኮራፋት እንኳ ትቀና ነበር።

ረቡዕ ረቡዕ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ምድር ቤት ተሰብስበው፣ የተወጠረውን ብርድ ልብስ ከበው ለችግረኛ ይሰፋሉ። በነሐሴ መጨረሻ አርሊስ መርፌዋን እየሰካች «ትናንት ሁለት ሳጥን መለኮሻ አገኘሁ» አለች።

«ከየት?» አሏት ሴቶቹ ባንድ አፍ።

«ዓይንን ገልጦ መኖር ነው» ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ቬርና ዞረች። «ላንቺ ጎድሎሽ እንዳይሆን ብቻ። አደንሽ እየደረሰ ነው።»

ያን ጊዜ «ጎድሎኛል» ብትል ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ቬርና ግን «ኧረ ሞልቶኛል፤ ዴልመር ለሁለት ዕድሜ የሚበቃ ትቶልኝ ነው የሄደው» አለች። ቤቷ የነበራት ሦስት ፍሬ መለኮሻ ብቻ ነው።

የአርሊስ ዓይን ወዴት እንደተገለጠ ቬርና የደረሰችበት በመስከረም ነው። በሳምንታዊው ጋዜጣ አንድ ሽማግሌ ሞተ ተብሎ በወጣ ቁጥር፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የአርሊስ ቀይ መኪና ከሟቹ ቤት ደጅ ይቆማል። አርሊስ ምግብ ይዛ ትገባለች። መበለቲቱ ምድር ቤት ያለውን የባሏን ዕቃ የምታደርግበት ጠፍቷት ተጨንቃለች፤ አርሊስ ስትወጣ ሳጥን ተሸክማለች። ቬርና መጀመሪያ «የሙት ዕቃ ለቃሚ» አለች በሆዷ። ቀጥሎ ደግሞ ለምን ቀድሜ አላሰብኩትም ብላ ተናደደች።

ሩበን ሊንድኲስት ያረፈው በመስከረም መጨረሻ ነው። ሩበን ዕድሜውን ሙሉ ጥይት ሲሞላ የኖረ ሰው ነው። አርሊስ ደግሞ ያን ሰሞን እህቷን ለማስታመም ከተማ ወርዳለች፤ እስከ ቅዳሜ አትመለስም። ቬርና ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣውን አጥፋ ሳታስቀምጥ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ወጥ ቤት ውስጥ ቬርና ዓይን አፋር አይደለችም። የተፈጨውን ሥጋ ከሽንኩርቱ ጋር አቁላላች፤ ድንቹን ብርሃን እስኪያሳልፍ አሳስታ ቆረጠች፤ የእንጉዳይ መረቁን በክሬም አወፈረች። መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤት ልጆች ሳህን ያስልሳቸው የነበረውን አንድ ቁንጥጫ ገውዝ ጣለችበት። ከላይኛው ቁምሳጥን የመስታወቱን መጋገሪያ ሳህን አውርዳ፣ አቧራውን አጥባ፣ ደርድራ ጋገረችው።

የከተማይቱ ሴቶች ሁሉ ያንኑ ዓይነት ሳህን ከጌይሎርድ መደብር ነው የገዙት። ስለዚህ ለቅሶ ቤት የሚላክ ሳህን ከሥሩ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት ስም ይጻፍበታል፤ ለቅሶው ሲበርድ በስሙ ይመለሳል። ባዶውን ግን አይመለስም፤ ነውር ነው። ኬክም ይሁን የአትክልት ዘር፣ አንድ ነገር ይገባበታል።

በሩን የከፈተችው የሟቹ ሚስት ኦፓል አይደለችም፤ ከሚኒያፖሊስ የመጣች ምራቷ ናት።

«እማማ ተኝተዋል። ስምዎ ከሥሩ አለ?»

«አለ» አለች ቬርና። ልትሄድ ዞራ፣ አንድ ደረጃ ወርዳ፣ መልሳ ወጣች። ጆሮዋ ድረስ ቀልታለች። «እ… የሩበን ዕቃ ከበዛባችሁ… እኔ ጥይት እሞላለሁ። ማለቴ፣ እንዲያው ካስቸገራችሁ።»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ልጅቱ፤ ሳህኑን እያሸተተች ገባች።

ቬርና ከዚያ በኋላ የመስኮት ሰው ሆነች። የአደኑ መክፈቻ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ፣ የኦፓል ምራት መኪና መንገዱ ላይ ቆመች። ቬርና ሽርጧን ፈታች። ጸጉሯን በእጇ አስተካከለች። ምራቲቱ በሰማያዊ ፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዛ ወረደች፤ መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ፣ ወደ አርሊስ በረንዳ ሄደች። አንኳኳች፣ ጠበቀች፣ ሳህኑን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

ቬርና የታችኛውን ቁምሳጥን ከፈተች። የራሷ ሳህን እዚያው ነው። ገለበጠችው፤ «ቬርና» ይላል።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ዴልመር ሲሞት አርሊስ ዶሮ በሩዝ አምጥታላት ነበር። ሳህኑን ባዶውን መመለስ አልሆነላትም። ለአርሊስ ምን ይሰጣታል? አርሊስ የሌላት ምን አለ? ስታስብ ስታስብ ሳህኑ ላይኛው ቁምሳጥን ወጣ፤ እዚያም ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጠ።

ኮቷን እንኳ ሳትደርብ ተሻገረች። ፎጣውን በሁለት ጣት ገለጥ አደረገች። አሥር ሳጥን መለኮሻ፣ በየሳጥኑ መቶ። ከላዩ ወረቀት አለ። እጇ ወደ ወረቀቱ ሲሄድ በሩ ተከፈተ።

«አቤት ቬርና» አለ ሃርቪ ዓይኑን እያሸ። «አንቺ ነሽ ያንኳኳሽው?»

«ጋዜጣችሁን… ነፋስ ወስዶት ነበር።»

«ጋዜጣው እኮ የሚመጣው ሐሙስ ነው።»

«እንግዲያው የሌላ ሰው ይሆናላ።»

ሃርቪ ሳህኑን አንስቶ «ይሄ ደግሞ ከባድ ነው» እያለ ገባ።

ረቡዕ አርሊስ ብርድ ልብሱ ዙሪያ እስክትቀመጥ እንኳ አልታገሠችም። «ጉድ ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት የጠፋብኝ ሳህን በረንዳዬ ላይ ተገኘ፤ ያውም ሺህ መለኮሻ ሞልቶ። ከኦፓል ቤት ነው። እኔ ደግሞ ለኦፓል ምንም አልሠራሁላትም፤ እህቴ ዘንድ ነበርኩ።»

«መልአክ ወጥ ቤትሽ ገብቶ ይሆናል» አለች አንዷ።

«ይኸው ወረቀቱ። ‹ጥይት ለምትሞላው ሴት። ሩበን ከሞተ ወዲህ ምግብ የቀመስኩት ያንቺን ነው። ሁለት ጊዜ ጨምሬ በላሁ።›»

«እንዲህ ጎበዝ መሆንሽን መች ነገርሽን?» አሏት።

«እንጃ፣ አንዳንዴ ይቀናኛል» አለች አርሊስ እየሳቀች።

ቬርና መለኮሻውን ልትተወው ወስናለች። ሁለት ሌሊት ተኝታበት ለራሷ «ይቅር» ብላለች፤ ምክንያቱም ልናገር ብትል የሳህኑም፣ የውሸቱም፣ የመበለት ቤት ጉዞዋም ነገር አብሮ ይወጣል። አርሊስ ሺህ ላይ ሺህ ትጨምር። ግን በእሷ ድንች? በእሷ መረቅ?

«ያን ምግብ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች።

ድምፅዋ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር፤ ቢሆንም መርፌዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ገውዝ አለበት። አንቺ ቤት ገውዝ የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም።»

«አያውቅም» አለች አርሊስ ቀስ ብላ። «እና ሳህኔ አንቺ ዘንድ ነው የከረመው?»

«ባዶውን መመለስ አቅቶኝ ነው።»

«‹ሞልቶኛል› ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?»

«ዋሽቼ ነው። ሦስት ነው ያለኝ።»

«ስንት ነው የምትፈልጊው?»

«ሀያ።»

«ለሀያ መለኮሻ? መንገድ ተሻግረሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«አንቺን?» አለች ቬርና።

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። አርሊስ ግን አልሳቀችም። ብዙ ጊዜ አቀርቅራ ሰፋች።

በማግስቱ አርሊስ በዚያው ሳህን አምስት ሳጥን አድርጋ፣ በሰማያዊው ፎጣ ሸፍና ይዛ ተሻገረች። «ግማሹን ለሳህኔ ኪራይ አስቀርቻለሁ» አለች። ቬርናም ተቀበለቻት። ከምሳ በኋላ ምድር ቤት ወርዳ ባሩዱን በሚዛን፣ እንደ ኬክ ዱቄት በጥንቃቄ እየመዘነች፣ ሀያ ጥይት ሞላች።

ቅዳሜ ባዶ እጇን ወደ ኦፓል ሄደች።

«ዛሬ ምን አመጣሽልኝ?» አለቻት ኦፓል።

«ምንም።»

«እሰይ፣ ማቀዝቀዣው ሞልቷል። ተቀመጪ።» ቬርና እስኪመሽ ተቀመጠች፤ ስለ ምድር ቤቱ አንድ ቃል አላነሱም።

አጋዘኑን በአደኑ በሦስተኛው ቀን፣ በአንድ ጥይት ጣለችው። አጋዘኑ ተገፎ ሥጋው ተቆራርጦ ሲያልቅ ከሽንጡ ምርጡን ቆርጣ በአርሊስ ሳህን ደረደረች፤ በሰማያዊው ፎጣ ሸፍና መንገዱን ተሻገረች። በመጨረሻ ቬርና አርሊስ የሌላትን ነገር ይዛለች።

አርሊስ ፎጣውን ገልጣ ሥጋውን አየች። «ደስ ይላል» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ከጋራዡ በላይ ያለውን ቀንድ አየት አደረገች። «ያንቺው ስንት ቅርንጫፍ አለው?»

«በየጎኑ አምስት።»

«የኔው ስድስት ነበር።»

ቬርና ቤቷ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ገለጠች። የዕጣው መመዝገቢያ በመጋቢት ነው። ቀኑን በእርሳስ ከበበችው፤ ሥሩንም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።