አያቴ ምልክት የሚያደርጉበት ሳጥን

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እጠራጠራለሁ፤ አያቴ ቢሰሙ አይወዱም ነበር።

ታክሲዎቻቸውን ሲሸጡ ለቤተሰባችን የልግስና ፈንድ፣ ማለትም ለበጎ አድራጎት ብቻ የሚውል ገንዘብ አንድ ድርጅት ዘንድ ከፈቱ። ገንዘቡ አንድ ጊዜ ገባ፤ ለማን ይላክ የሚለውን ግን በስደት በምንኖርበት አገር፣ ፌርፋክስ ከተማ አጠገብ ባለው ቤታቸው ተሰብስበን እንመክር ነበር። ቼኩ በፈንዱ በኩል ስለሚሄድ፣ ፎርሙ ላይ «የሰጪው ስም አይገለጽ» የሚለውን ሳጥን ሁልጊዜ ራሳቸው ምልክት ያደርጉበት ነበር።

ለቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያም እንዲሁ ላክን። የሰጪዎች ስም በማይክ ሲጠራ የእሳቸው አልነበረም። የኮሚቴው ሰብሳቢ በር ላይ አገኛቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ እኮ! ያ ሁሉ ታክሲ ተሸጦ ምነው ጨከኑብን?»

«እስቲ ልጆቹን ላማክር» አሉና ሳቁ።

እኔ ግን ተናደድኩ። «ልንገረው፣ አባባ?»

«ንገሪው! ከዚያ ባየኝ ቁጥር ብድግ ሲልልኝ፣ በሰላም የምቀመጥበት ወንበር አንቺ ትፈልጊልኛለሽ?»

ካረፉ በኋላ ፎርሙን የመሙላት ተራ ለእኔ ደረሰ። ለጣሪያው ማስጨረሻ ስንልክ ስማቸው እንዲጠራ በጣም ፈልጌ ነበር። ባዶ ወንበራቸውን አየሁና ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረግሁ። እዚህም ስማቸውን አልጻፍኩም።

ጣሪያው ያለቀው እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ነው።