ማር በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ

በ1966 ዓ.ም. በበጋው ማብቂያ፣ ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ፣ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጥታ መካነ ሰላም ካለው ቤቴ አጥር ሥር ተቀመጠች። በዚያ ዓመት ረሃቡ ከምሥራቁ የወሎ አገር ያፈናቀለው ሰው በከላላ በኩል አድርጎ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። እኛም ጠግበን አልነበርንም። ገብሱ ቀጭን ነበር፤ ግን ነበር።

ባለቤቴ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ሁለቱን ወንዶች ልጆቼን የማሳድገው ጥጥ ፈትዬ ነው። ፈትሌን የሚወስድልኝ የሰፈራችን ሸማኔ ነበር፤ ሙስሊም፣ ረጅም፣ ቃል ከማውጣቱ በፊት ዓይኑን ጨፈን የሚያደርግ ሰው። ማዘጋጃ ቤቱ የከተማውን ጉዳይ የሚያማክራቸው ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እሱም አንዱ ነበር።

ለሴትዮዋ አጥሚት ሰጠኋት። አልወረደላትም። ጣሳውን ወደ ልጇ እየገፋች «ለእሷ» አለችኝ። ወደ ቤት አስገባኋት፤ ብዙም አልቆየች። ከመሞቷ በፊት እጄን ይዛ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው።

«አደራሽን፣ ስሟን እንዳትለውጪባት።»

ስሟ የእስልምና ስም ነው። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። እሺ አልኋት።

የሸማኔው ሚስትና ጎረቤቶቿ አጥበው ገነዟት፤ ወንዶቹ ወስደው ቀበሯት። የሸማኔው ሚስት ልጅቱን ልትወስዳት ፈልጋ ነበር። ነገር ግን የእህቷ ልጆች ከዚያው ረሃብ ሸሽተው ገብተውበት ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ መደብ ላይ እንኳ ቦታ አልነበረም። ልጅቱም ቀሚሴን ይዛ አልለቅም አለች። ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። እኔ ዘንድ ቀረች።

በዚያ ሰሞን ተስቦ ከተማው ገብቶ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም ደንብ አወጣ። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ በአሮጌው የእህል መጋዘን እንዲያርፍ፤ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ እንግዳ ማንም ሰው በቤቱ እንዳያሳድር፤ ወላጅ የሌለው ልጅ በጭነት መኪና ደሴ ወዳለው የሕፃናት ማቆያ እንዲላክ። ደንቡ ክፉ ነው አልልም። ከእኛ ሰፈር አንድ ቤት ሙሉ በተስቦ ተኝቶ ነበር። ግን ወደ መጋዘኑ የሚገቡትን አይቻለሁ፤ የሚወጡትንም አይቻለሁ። የሚወጡት በቃሬዛ ነበር።

አንድ ማክሰኞ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ከደጄ ቆሞ፣ በማግስቱ ልጅቱን ይዤ ሽማግሌዎቹ ፊት እንድቀርብ ነገረኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። «አብሽሪ፣ እናቴ» ብሎኝ ሄደ። ቅዳሜ መኪናው እንደሚመጣ ግን አልደበቀኝም።

ረቡዕ ቅዳሴ ሳይገባ ሄድሁ። ጉዳይ የሚታየው በግቢው ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ነበር፤ ቤቱ ጠባብ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ በወንበር፣ ሽማግሌዎቹ በአግዳሚ፣ እኛ ባለጉዳዮቹ በድንጋይ ላይ። ከአግዳሚው ጫፍ ሸማኔው፣ ከመካከል የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ፣ ከዳር ደግሞ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ተቀምጠዋል። ድሬሰሩ ገና ወጣት ነው፤ የተስቦውን ደንብ ያስወጣው እሱ ነበር።

መጀመሪያ የቀረበው ፍየሎቹን ምንጭ ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። ከላይ ሰው ይቀዳል፣ ከታች ከብት ይጠጣል የሚል ደንብ ነበር። ሰውየው ደንቡን አላውቅም አለ። በግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላየህም ወይ ቢሉት፣ የተለጠፈው በዱቄት ሙጫ ስለነበር ፍየሌ በላችው አለ።

«እንግዲያስ ደንቡን የምታውቀው ፍየልህ ናት። እሷን አምጣት» አለው ኃላፊው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም። በዚህ የረሃብ ዘመን በዱቄት ወረቀት ይለጠፋል እንዴ ብላ አጉረመረመች። ኃላፊው ሰማት። ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያ በሚስማር ይሁን አለ፤ ሽማግሌዎቹም ተስማሙ። ከዚያን ቀን በኋላ በከተማችን በዱቄት የተለጠፈ ነገር አላየሁም።

ባለፍየሉ ግን እንደተሸነፈ ዝም አላለም። በሬዲዮ ሚኒስትሮቹ ወርደዋል እየተባለ ነው፤ አሁን ደንቡ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። እንዲህ ያለውን ነገር በግልጽ የሚናገር ሰው ገና አልነበረም። ኃላፊው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«የማንም ይሁን። ምንጩ የእኛ ነው» አለ።

ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ።

ኃላፊው ደንቡን አነበበና ልጅቱ ምኔ እንደሆነች ጠየቀኝ። ምኔም እንዳልነበረች፣ አሁን ግን ከእኔ በቀር ሰው እንደሌላት ነገርሁት። ድሬሰሩ ተነሣ። ዛሬ ለእሷ ብንተው ነገ ለሌላው እንተዋለን፤ ተስቦ የእናት ልብ አያይም አለ። በቁጣ አልተናገረም። እውነቱን ነው አልሁ በሆዴ። ልጅቱ የቀሚሴን ጫፍ አፏ ውስጥ አድርጋ ትመለከተው ነበር።

ያን ጊዜ ገበዙ ተናገሩ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁለቱን ልጆቼን ያጠመቁልኝ እሳቸው ናቸው።

«ይሄ ምን ይቸግራል፣ ልጄ? አምጫትና ትጠመቅ። የክርስትና እናቷ ትሆኛለሽ። ያን ጊዜ ቤተሰብሽ ናት፤ ደንቡም አይነካሽም።»

ኃላፊው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ያለቀ መሰለ።

ይህን ነገር ስመኘው ነበር። ካጠመቅኋት አብራኝ ትጾማለች፣ አብራኝ ትቆርባለች፣ በሰማይም አታጣኝም ብዬ አስቤ ነበር። አሁን ደግሞ ከመኪናው የምታመልጥበት መንገድ ሆኖ በእጄ ተሰጠኝ። ወደ ሸማኔው አየሁ። አንገቱን ደፍቶ በበትሩ አፈሩን ይጭራል። አትጠመቅ ቢል ልጅቱን ወደ መኪናው መስደዱ ነው፤ ትጠመቅ ማለት ደግሞ አይችልም። ሚስቱ የገነዘቻትን ሴት በሐሳቤ አየኋት፣ እጄን የያዘችበትን እጅ።

«አባታችን፣ እናቷ ስሟን እንዳልለውጥ አደራ ብላኝ ሞታለች። እሺ ብያታለሁ» አልሁ።

ከኋላ አንድ ሰው «የሞተች ሴት አትሰማሽም» አለ።

«እግዚአብሔር ይሰማል» አልሁት።

ገበዙ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ብዙ አዩኝ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ኃላፊውም እንግዲህ ደንቡ ይሠራ፣ ቅዳሜ ልጅቱን ዘበኛው ይወስዳታል ብሎ መናገር ጀመረ።

ሸማኔው በትሩን አጋደመ። ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«ጌታዬ፣ ደንቡ የሚለው ቤተሰብ ነው። የጡት ልጅ ቤተሰብ አይደለም እንዴ?»

በእኛ አገር ያልወለዱትን ልጅ የራስ የማድረግ ሥርዓት አለ። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ በሽማግሌ ፊት አውራ ጣታቸውን ማር ይቀባሉ፤ ልጁ ይጠባዋል። የጠባ ልጅ የጡት ልጅ ይባላል። ከተወለደው አይለይም፤ ሃይማኖትም አይጠየቅበትም። ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። ድሬሰሩ እንኳ ያውቃል፤ ከአጠገባችን የወግዲ ልጅ ነው።

ኃላፊው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አያቸው። ማንም አልተቃወመም። «ሽማግሌው እዚሁ አለ» አለ። «ማሩስ?»

ማር የለም። አበባ ባልነበረበት ዓመት ንቡ ከቀፎው ወጥቶ ሄዷል። ነጋዴውም ቢሆን ማር ካየ ቆይቷል። ሰው እርስ በእርሱ ተያየ።

ገበዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከእኔ ቤት አለች። ለመድኃኒት ያስቀመጥኋት ናት» አሉ። ዘበኛውን ጠርተው ላኩት። ባለቤታቸው ብዙ እንዳትሰጠው፣ እሱም መንገድ ላይ እንዳይቀምሳት አስጠነቀቁት።

«ማር እኮ ጾም አይፈታም፣ አባታችን» አለ ዘበኛው።

«የጾሙ መፍቻ ሰዓት ገና ነው። ሂድ።»

እሱ እስኪመለስ ሽማግሌዎቹ ሥራ አልፈቱም። ምንጩን በየሳምንቱ የሚጠርገው የትኛው ሰፈር እንደሆነ ተነጋገሩ። በገበያ ቀን በቅሎና አህያ የሚታሰርበትን ቦታ ከእህል ተራው አራቁት። እኔ ያን ሁሉ እሰማለሁ፤ ሁሉንም ዛሬም አስታውሳለሁ። የእኔ ነገር በፍየሉና በአህያው መካከል መታየቱ አላሳፈረኝም። ለከተማው የሚያስቡት ለእኔም ያስቡልኛል ብዬ ተጽናናሁ።

ማሩ በሲኒ መጣ፤ ከሲኒው ታች ብቻ ነበር። ገበዙ ራሳቸው ይዘው ተነሡ። አውራ ጣቴን ነከርሁ። ጣቴ በፈትል የተሰነጠቀ ነበርና ማሩ ለበለበኝ። ወደ ልጅቱ አፍ አቀረብሁት።

ፊቷን አዞረች።

እንደገና አቀረብሁላት። ከንፈሯን ገጠመች። ብዙ ሰው ከቦ ሲያያት ፈርታለች። ካልጠባች ሥርዓቱ አልተፈጸመም። «ማርያም» አልሁ በሆዴ።

ሸማኔው ከአግዳሚው ተነሥቶ አጠገቧ ተንበረከከ። እናቷ ምግብ ስትሰጣት ምን ትላት እንደነበር ያውቃል፤ የእሱም ቤት ልጆች የሚሉት ነው።

«ቢስሚላሂ በይ፣ የእኔ ልጅ» አላት።

በቀጭን ድምፅ አለች። አፏን ከፍታ አውራ ጣቴን ያዘችው።

አልለቅም አለች። ማሩ ካለቀም በኋላ ትጠባ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ገበዙም ሳቁ። «በቃት እንግዲህ፣ ሽማግሌው ሁሉ አይቷል» አሉ። ሲኒውን ግን አልወሰዱባትም። በጣቷ እስክትጠርገው ጠበቁላት።

ድሬሰሩ አንድ ነገር አለኝ ብሎ ተነሣ።

«እኔ ጠቤ ከልጅቷ ጋር አይደለም፤ ተስቦውን ከሚያመጣው ቅማል ጋር ነው» አለ። ጸጉሯ እንዲላጭ፣ ልብሷ እንዲቀቀል፣ ትኩሳት ካየሁባት ሳልደብቅ እንድነግረው አዘዘኝ። በማርያም ስም ቃል ገባሁለት። ሽማግሌዎቹም ይህን ከውሳኔው ጋር አደረጉት።

ገበዙ መረቁን። ቀጥሎ ሸማኔው ዱዓ አደረገልን። ለሁለቱም አሜን አልን። ኃላፊው ባርኔጣውን ደፍቶ ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ፤ በእህል ተራ አህያውን ያሰረ ሰው ነበር።

እነዚያ ሽማግሌዎች እንደዚያ ተሰብስበው ብዙ አልቆዩም። ቀበሌ ሲቋቋም ሌሎች ተመረጡ። በኋላ የደረሰባቸው የሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም፤ የኃላፊው ከሁሉም ይከፋል። በጸሎቴ ሁሉንም አስባቸዋለሁ፤ ሸማኔውንም ጭምር። ስንት ልጅ አለሽ ብሎ ቀበሌው ሲጠይቀኝ ሦስት አልሁ፤ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ገበዙ በዚያ ዓመት ፋሲካ ሲያገኙኝ ስለ ጥምቀቷ አላነሡብኝም። «ማሯ ተስማማቻት?» ብቻ አሉኝ። ሥጋ የምትበላው ሸማኔው ቤት እየሄደች ነበር፤ ረመዳን ሲገባም ሚስቱ ታስፈጥራት ነበር። ዛሬ ከላላ ተድራ የልጆች እናት ናት። ስሟ እናቷ ያወጣችላት ነው። እኔን እማ ትለኛለች። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን፤ በእኔ ሥራ የሆነ አይደለም።

ጉዳዬ በታየ ማግስት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ተመለስሁ። ጸጉሯን ላጨኋት። አለቀሰች፤ ከዚያ ጭንቅላቷን እየዳበሰች ሳቀች። የባለቤቴን አሮጌ ጋቢ አልብሼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኋት። የመጣችበትን ልብስ ድሬሰሩ እንዳለው በትልቁ ድስት ቀቀልሁት፤ የእናቷንም ነጠላ ከእሱ ጋር። ጨምቄ እናቷ ተደግፋው በነበረው አጥር ላይ አሰጣሁት። ከዚያ ጥጤን አውጥቼ ለእሷ ቀሚስ የሚሆን ፈትል ጀመርሁ።