የወይራ ጭስ የሸተተው ውሃ

ጥቅምት 1996 ነበር። «ቆይ፣ 97 ይሆን እንዴ?» ትላለች ሩሐማ፣ ነገሩን ባነሳች ቁጥር። ካዛንቺስ የነበረው አሮጌው የውሃ ላቦራቶሪ ገና አልፈረሰም፤ እሷም ገና የስድስት ወር ኮንትራት ላይ ነበረች። ዓመቱ ይምታታባት እንጂ ሽታውስ አልጠፋትም።

የውሃ ናሙና የሚያመጡት ጋሼ ዋቅጋሪ በየሦስት ወሩ ለገሃር ከአውቶቡስ ይወርዱና የበረዶ ሳጥናቸውን ተሸክመው በእግራቸው ይመጣሉ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ በሚገኝ የወርቅ ማውጫ ዙሪያ ካሉ ጉድጓዶች በጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ነው። ከማውጫው የሚወጣ መርዝ የከርሰ ምድሩን ውሃ መበከል አለመበከሉ የሚታወቀው በእነዚያ ጠርሙሶች ነበር።

«አውቶቡስ ላይ ጠጅ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ» ይላሉ እያላባቸው። «የመንግሥት ነው፣ እንዳትቀምሱት አልኳቸው።»

ያን ቀን ሩሐማ የአራተኛውን ጉድጓድ ጠርሙስ ስትከፍት የወይራ ጭስ ሸተታት። ለካችው፤ መርዝ የለበትም፣ ንጹሕ ነው። ያን ጉድጓድ አርባ አባወራ ይጠጣዋል። አለቃዋ አቶ ተከስተ ውጤቱ ላይ ሊፈርሙ ብዕር አንስተዋል።

«ጋሽ ተከስተ፣ ይሄ ውሃ ጭስ ጭስ ይላል። ይደገም።»

«አፍንጫሽን እንደ መለኪያ መሣሪያ ማን ነው ካሊብሬት ያደረገው?» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ኮንትራትሽ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ እኔ ብሆን ዝም እላለሁ።»

ሩሐማ ፊቷ ጋለ። ይኼኔ በሩ ጋ ደረሰኝ ይጠብቁ የነበሩት ጋሼ ዋቅጋሪ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጅቷ ልክ ናት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ነገሩን አስረዱ፦ የጉድጓዱ ጠባቂ ሚስት ቢፍቱ፣ እንግዳ ቆሞ ውሃ ሲጠብቅ ማየት ነውር ነው ብላ፣ ከዋዜማው ቀድታ በወይራ በታጠነ እንስራ ታሳድርላቸዋለች። ደንቡ ግን በጉድጓዱ ውስጥ የቆመውን ውሃ ግማሽ ሰዓት ስቦ መድፋትና ከሥር የሚመጣውን መቅዳት ነው። በእንስራ ያደረ ውሃ ይጠልላል፤ መርዙም ከክፉው ጋር ከሥር ይዘቅጣል። እሳቸው ያን ሰሞን ጉልበታቸው ታሞ ስለነበር ከእንስራው ቀድተው «ከጉድጓዱ» ብለው ጻፉ።

«ይህን በጽሑፍ ይሰጣሉ?» አሉ አቶ ተከስተ።

«ወረቀት አምጡ።»

ጽፈው ፈረሙ። ባዶ ጠርሙሶች ይዘው በዚያው ተመለሱ፤ በስድስተኛው ቀን ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡ። አዲሱ ውሃ አርሰኒክ የተባለው መርዝ ከልኩ አልፎ ተገኘበት። ጉድጓዱ ተዘጋ፤ ከማውጫው ራቅ ብሎ ሌላ ተቆፈረ። የሩሐማ ኮንትራት ታደሰ፤ ለጋሼ ዋቅጋሪ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። እሳቸው ግን ነገሩን አንድም ቀን አላነሱባትም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ጠዋት በከዘራ እየተደገፉ መጡ። ሩሐማ ያን ጊዜ የክፍሉ ኃላፊ ሆናለች። በሃይላንድ ፕላስቲክ ውሃ ይዘዋል።

«ከአዲሱ ጉድጓድ ነው። ቢፍቱ ናት የላከችልሽ። አላጠንኩትም ብላለች።»

ሩሐማ እስኪያነባት ሳቀች። አመሰግናለሁ ማለት አነሰባት። ደግሞ ለዓመታት የያዘችው ጥያቄ ነበራት፦ እኔ ባልናገር ኖሮ እርስዎ ይናገሩ ነበር?

«አንዴ ይቀመጡ፣ አብረን እንቅመሰው» ብላ ብርጭቆ ልታመጣ ገባች።

ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። በመስኮት አየች፤ ጋሼ ዋቅጋሪ ከዘራቸውን አስቀድመው ታክሲ ይሳፈራሉ። «ለገሃር፣ አንድ ሰው የሞላ!» ይላል ረዳቱ። ሁለቱን ብርጭቆ እንደያዘች ታክሲው ሄደ።