ኅዳጉ ላይ የጻፍኩት ማስታወሻ

ቁጡ ሰው ነኝ። ይህን ቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት የራሴ ሆኖ ሳለ ለብዙ ቀን ሌላ ሰው ስኮንን ነበርና። አርብ ገበያ በምትባል ትንሽ ከተማ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ጤና ጣቢያ ከሚሠራ ነርስ ጓደኛዬ ጋር በወር አንድ ጊዜ የምትወጣ ጋዜጣ እናዘጋጃለን። ጋዜጣ ስላት ደረቴ ይነፋል እንጂ፣ ፊትና ጀርባዋ የተጻፈባት አንዲት ወረቀት ናት። ጓደኛዬ በላፕቶፑ ይተይባታል፣ ፎቶ ኮፒ ቤት እናባዛታለን፣ በወሩ የመጀመሪያ አርብ ለገበያተኛው እናድላታለን። ወረቀቱን የምንገዛው ከደሞዛችን ስለሆነ የጓደኛዬ ሚስት ጋዜጣዋን «ጣውንቴ» ትላታለች።

ትልቁ ነገሯ የማንም አለመሆኗ ነው። ጽሕፈት ቤት አያዛትም፣ ነጋዴ አይመሰገንባትም። ኔትወርክ በሚጠፋባቸው ሳምንታት ወሬው ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ እያበጠ ይሄዳል፤ እኛ ግን ሄደን ያጣራነውን ብቻ እንጽፋለን። የፈረሰ ድልድይ፣ መምህር ያጣ ትምህርት ቤት፣ ገበሬው ሳይጠየቅ በስሙ የተወሰነ ውሳኔ። ተማሪዎቼ ከመማሪያ መጽሐፉ ስለ ዴሞክራሲ ሳነብላቸው ያዛጋሉ፤ ይህችን ወረቀት ሳወጣ ግን ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

ገበያተኛው ብዙው አያነብም፤ የሚያነበውም መነጽሩን ቤት ትቶ ይመጣል። ስለዚህ አንባቢ አለን። በድጓ ትምህርቷ በታወቀችው በቤተ ልሔም ለብዙ ዘመን የተማሩ አንድ መሪጌታ ናቸው፤ እህል ተራው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥተው ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ያነቡታል። ድምፃቸው ከአህያው ማሰሪያ እስከ ጨው ተራ ይደርሳል። ስለ ፈረሰ ድልድይ ሲያነቡ እንኳ ሰው ሳያውቀው ቆቡን ያወልቃል።

ባለፈው ዓመት ግንቦት አጋማሽ ላይ አንዲት ሴት ትምህርት ቤት መጥታ አስጠራችኝ። ከአካባቢው ገበሬ ማኅበራት ባንዱ መጋዘን ጠራጊ ናት። ለገበሬው ሊታደል በተዘጋጀው የስንዴ ምርጥ ዘር ውስጥ ያረጀ እህል እንዳለ፣ አሮጌው ወደ አዲስ ጆንያ ተገልብጦ እንደገና ሲሰፋ በዓይኗ እንዳየች ነገረችኝ። ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አንድ እፍኝ ስንዴ ሰጠችኝ። ቀጥላ ያለችውን አልረሳውም።

«መምህር፣ ልጆቼን የማሳድገው በዚያች መጥረጊያ ነው። ይህን ማን እንደነገረዎ ከታወቀ በማግስቱ በዚያ በር አልገባም።»

አይታወቅም አልኳት። በልጆቼ ስም ማልኩላት።

ጓደኛዬ ይበቅል እንደሆነ ለማየት ስንዴውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠው። በሳምንቱ ስንፈታው ከጥቂቱ በቀር ሳይበቅል ሻግቷል። ዘሩን አስቀድመው ከወሰዱ ሁለት ገበሬዎችም ለምነን ሞከርን፤ ያው ሆነ። የማኅበሩን ሊቀ መንበር ልንጠይቅ ብንሄድ፣ ጋዜጠኛ ነኝ የሚል አስተማሪ አላውቅም ብሎ ከደጅ መለሰን። እኛም ስለ ጆንያው የተነገረንን፣ የሞከርነውንና እሱ መልስ አልሰጥም ማለቱን ጻፍን።

ጥፋቴ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛዬ ዝርዝር ይወዳል፤ ሳላየው አንድ ነገር ጨምሮ ሴትዮዋን እንዳያጋልጣት ፈራሁ። ስለዚህ ለእርማት ባተምነው ወረቀት ኅዳግ ላይ፣ ከአንቀጹ ትይዩ፣ በእስክሪብቶ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ይህን የሰማነው ከመጋዘኑ ውስጥ ከሚሠራ ሰው ነው፤ በፍጹም እንዳይታወቅ።» አርብ ጠዋት ገና ጥቂት እንዳባዛን መብራት ጠፋ። ያለችውን አድዬ ስጨርስ መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ቦርሳዬን ከፍቼ የእርማቱን ወረቀት ሰጠኋቸው። ጽሑፉ ያው ነው ብዬ።

እሳቸውም አነበቡ። ስለ ጆንያው የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ጥቂት ቆሙ፣ ወረቀቱን ዘወር አደረጉና በዚያ ድምፃቸው ቀጠሉ፦ «ይህን የሰማነው ከመጋዘኑ ውስጥ ከሚሠራ ሰው ነው፤ በፍጹም እንዳይታወቅ።»

ገበያው ሳቀ። እኔ ግን በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። መጋዘኑ ውስጥ የሚሠሩት አራት ሰዎች ናቸው።

ከድንጋዩ ሲወርዱ ተንደርድሬ ሄጄ፣ የማይገባ ቃል ተናገርኳቸው። እኒያ ትልቅ ሰው አልተቆጡም። ቤተ ክርስቲያን ባለው መጽሐፍ ቁም ጸሐፊው የዘለለውን ኅዳግ ላይ እንደሚጨምረው፣ አንባቢም ያንን በቦታው አግብቶ ካላነበበ መጽሐፉን እንዳጎደለ እንደሚቆጠር ነገሩኝ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ኅዳግ ዘለው አያውቁም። ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አባቴም የቤተ ክህነት ሰው ነበር። ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ እሳቸውን ስረግም ሰነበትኩ።

ሊቀ መንበሩ ሰኞ ዕለት አራቱንም ከሥራ አገደ። ነጋሪው እስኪታወቅ ማንም አይገባም አለ። ለአገር ሽማግሌዎችም፣ ማኅበሩን ያዋረዱት ሰዎች ነጋሪያቸውን በጉባኤ ያውጡ ብሎ አቤት አለ። ጓደኛዬ ጋዜጣዋን እንዝጋና ይቅርታ እንጠይቅ አለኝ። ሴትዮዋን መንገድ ላይ አየኋት፤ ሰላም ሳትለኝ አለፈች። ያ ከሊቀ መንበሩ ዛቻ ይልቅ አንገበገበኝ። ከእንግዲህ ማን አምኖ አንድ ቃል ይነግረናል? የሚነግረን ከሌለስ የምናባዛው ባዶ ወረቀት አይደል?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ጉባኤው ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ ረጅም ተናገረ። ሲጨርስ የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ጆሯቸው ትንሽ የደከመ አዛውንት፣ ወደ እኔ ዞረው ምን እንደምል ጠየቁኝ። አልናገርም አልኩ። ወኅኒም ብትወስዱኝ አልናገርም ብዬ ጨመርኩ፤ ማንም ወኅኒ አላለኝም፣ ቁጣዬ ነው። ሰዉ አጉረመረመ። አራቱ ሠራተኞች ከዳር ተቀምጠዋል፤ እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አባቶቼ፣ ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ የማይነበበውን አንብቤ ሰው አስጨንቄአለሁና ይቅር በሉኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። አውጫጭኝ ስትቀመጡ፣ ወፏ ማን ናት ብላችሁ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ?»

በእኛ አገር ከብት ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል ሰዉ ተጠርቶ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ያየ ሰው በአደባባይ አይመሰክርም፤ ለተመረጡ ሽማግሌዎች ብቻ በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ያ ነጋሪ ወፍ ይባላል። ሽማግሌዎቹም ወፏን ላያወጡ ይምላሉ፤ የተነገረው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ግን ሄደው ይመረምራሉ። እኔ የሥነ ዜጋ መምህሩ፣ የዜና ምንጭ ይጠበቃል እያልኩ ለልጆች በየዓመቱ ማስታወሻ የማስጽፈው ሰውዬ፣ ይህ አጠገቤ እንዳለ አንድ ቀን አስቤው አላውቅም።

አዛውንቱ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ጥያቄውን አስደገሙ። ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ።

«ልጄ፣ ወፍ አናወጣም። የአባቶቻችን መሐላ ነው። የሚታየው ጆንያው ነው፤ ቁልፍህን ይዘህ ቅደም።»

ሦስት ሽማግሌዎች ሄደው ጆንያ ፈቱ። እኔ አልገባሁም፤ ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲወጡ አንደኛው እጁን ዘርግቶ አሳየን፤ ነቀዝ የበላው ስንዴ መዳፉ ላይ ነበር። ሊቀ መንበሩ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣልኝ አለ። ይሆናል፤ ማን እንደገለበጠው ገና እየተጣራ ነው፣ ስላላረጋገጥን እስከ ዛሬም አልጻፍነውም። አራቱም ሠራተኞች ግን በማግስቱ ሥራቸው ገቡ። ዘሩም ተቀይሮ፣ ሐምሌ ሳይጋመስ እርሻ ላይ ደረሰ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩና እፎይ አልኩ። በስንት ጊዜዬ ተኛሁ።

መሪጌታን ይቅርታ ለመጠየቅ ድፍረት ያገኘሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እሳቸው ረስተውታል፤ ወይም የረሱ መስለዋል። ይልቅ ሌላ ነገር አወሩኝ። የሰንበቴያቸው ማኅበርተኞች፣ ጽዋው በተራ እንደሚዞር የጋዜጣዋንም ወረቀት በየወሩ ተራ የደረሰው ሊያመጣ ተስማምተዋል። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁኝ፤ ወረቀት አመጣሁ ብሎ ይህን ጻፉልኝ የሚል ካለ ወረቀቱን ይዞ ይመለስ ተብሏል። የጓደኛዬ ሚስት ይህን ስትሰማ ጣውንቷን እንደታረቀች ነገረችን።

ዘንድሮ አዝመራው ጥሩ ነው። ባለፈው አርብ መሪጌታ ሲያነቡ ከሰዉ ኋላ ቆሜ ነበር። አጠገቤ አንዲት ሴት መጥታ ቆመች፤ እሷ ነች። ፊቷን ወደ አንባቢው አድርጋ፣ ሳታየኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«መምህር፣ ደግሞ ያየሁት ነገር አለ። ሰኞ መጥቼ እነግርዎታለሁ፣ ይጽፉታል። ዳር ዳሩ ላይ ግን አደራዎን ምንም እንዳይጽፉ።»