አባቴ የወይን ድንኳን የጎበኘ ዕለት

አባቴ ስለ እኔ ሲጠየቅ «አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው» ይል ነበር። ጠያቂው ቀጥሎ «ምን ያስመጣሉ?» ካለው «ፓስታና የወይራ ዘይት» ብሎ ይመልሳል። ይህን መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል፣ ድርጅቱ ፓስታም ዘይትም ያስመጣ ነበርና። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለ እንደሚባለው ነው። ኮንቴይነሩን የሚሞላው ወይን ነበር።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ወረቀት መጨረስ ነው። ዲክላራሲዮን እሞላለሁ፣ ከጉምሩክ ሰዎች ጋር እከራከራለሁ፣ ማኅተም እጠብቃለሁ። ጠርሙስ አልነካም። መድረሳ ሳለሁ ጠጪው ብቻ ሳይሆን ቀጂውም፣ ተሸካሚውም፣ ሻጩም በወንጀሉ እንደሚጠየቁ ተምሬያለሁ። «ወረቀት ስለምትሞላ ሴት ግን የተባለ ነገር አልሰማሁም» እያልኩ ለራሴ ፈትዋ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሼኽ ዘንድ ሄጄ አልጠየቅኩም፤ ምን እንደሚሉኝ አውቀዋለሁ።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነበር። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ግራ ጆሮው ከብዶታል፣ ስለዚህ ሰው ሲያናግረው ቀኙን ያዞራል። ቁጣ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔም ቁጣውን አልነበረም የምፈራው። የምፈራው «ተዪው» እንዳይለኝ ነው። ተዪው ካለኝ እተዋለሁ፣ የሱን ቃል አልፌ አላውቅም። ሥራዬን ደግሞ እወደዋለሁ። ወንዶቹ ሳምንት የሚያጓትቱትን ወረቀት እኔ በሁለት ቀን ስጨርሰው የሚሰማኝን ኩራት ለማንም አልሰጥም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ከደሴ ቁልቁል ማታ ከኮምቦልቻ ሽቅብ፣ በሚኒባስ አብሮኝ ሲመላለስ አንድም ቀን ሲቀለኝ አላየሁም።

ከዚያ የንግድ ትርዒቱ መጣ። አለቃዬ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ንግድን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ነው። «ጠርሙስ ደርድሮ መቆም ማንም ይችላል፣ እኔ ወይኑን ያመረተውን ገበሬ ራሱን ነው የማቆመው» አለና ሦስት አምራቾችን ከውጭ ጋበዘ። የሆቴል ባለቤቶች ከየከተማው ይመጣሉ፣ ገበሬዎቹን በዓይናቸው ያያሉ፣ ያዝዛሉ። አስተርጓሚ አስፈለገ። እንግሊዝኛ የምችለው እኔ፣ የእያንዳንዱን ጠርሙስ ወረቀት በቃሌ የማውቀውም እኔ ነኝ። አልቀዳም፣ አላቀርብም ብዬ ተስማማሁ።

ድንኳናችን የቆመው ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ፣ በስፖንጅ ፍራሽ ሻጭና በማር አምራቾች መካከል ነበር። ሂጃብ አድርጋ የወይን ድንኳን ውስጥ የቆመች ሴት እንግዲህ ራሷን የቻለች ትርዒት ናት። ከወይኑ ቀማሽ ይልቅ የኔ ተመልካች በዛ። አንዱ የሆቴል ባለቤት ብርጭቆውን ይዞ «ጣዕሙን እንዴት ታዪዋለሽ?» ቢለኝ «እሱን የማያውቅ ሰው ነው የሚጠይቁት» ብዬ አሳቅኩት።

ከሦስቱ አምራቾች የወደድኩት ሽማግሌውን ጣሊያናዊ ነው። እንግሊዝኛው ከእጁ እንቅስቃሴ ጋር ተደምሮ ነበር የሚገባኝ። እጁ የተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሩ ሥር አፈር የቀረበት የገበሬ እጅ ነው። ወይን ከመቅዳት ይልቅ ስልኩን አውጥቶ ማሳውን ማሳየት ይወድ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከማዶ ካለው የፋብሪካው ድንኳን ጡረተኞች ተሰብስበው ሲወጡ አየሁ። አንዱ አባቴ ነው። ኮፍያውን አድርጎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ድንኳን በድንኳን እያየ መጣ። እኔ፣ የጉምሩክ ኃላፊ ፊት ጠረጴዛ የምደበድበው፣ ከሸራው ጀርባ ካርቶን መሐል ገብቼ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ሽማግሌው አስተዳደጉ እንዳስተማረው ለመጣው ሰው ሁሉ ብርጭቆ ይዘረጋል፤ ለአባቴም ዘረጋለት።

«አላህ ይስጠው፣ እኔ አልጠጣም በሉት» ሲል የአባቴ ድምፅ ተሰማኝ። «ይሄ ሰውዬ ነጋዴ ነው ገበሬ?»

«ገበሬ ናቸው አባባ፣ ወይኑን ራሳቸው ናቸው የሚያመርቱት» አለ አለቃዬ።

«ገበሬ ከሆነማ ላዋራው።»

የአለቃዬ እንግሊዝኛ ከ«ቬሪ ጉድ» አያልፍም። ወደ ሸራው ዞሮ «የት ሄድሽ? ነይ እኚህን አባት አስተርጉሚላቸው!» ብሎ ተጣራ።

ወጣሁ። ምን አማራጭ አለኝ? አባቴ አየኝ። ፊቱ ላይ የተለወጠ ነገር የለም። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለኝ፣ እኔም ሰላምታውን መለስኩ። ከዚያ ጭራሽ እንደማያውቀኝ ሰው ቀኝ ጆሮውን ወደኔ አዙሮ «እስቲ ጠይቂልኝ፣ ተክሉ በስንት ዓመቱ ነው ፍሬ የሚሰጥ?» አለ።

ተረጎምኩ። በሦስት ዓመቱ ነው አለ ሽማግሌው። ዝናቡስ? በረዶስ? አንድ ዓመት በረዶ ወርዶ፣ ከሰዓት በፊት የነበረ ፍሬ ከሰዓት በኋላ አልነበረም አለ። አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። ደሴ አጠገብ፣ ገራዶ፣ የገበሬ ልጅ ሆኖ ነው ያደገው፤ ፋብሪካ የገባው በኋላ ነው። «በረዶ የኛንም ጤፍ እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ አብሽር በይው» አለኝ። አብሽርን በእንግሊዝኛ ፈልጌ አጣሁት፣ «አይዞህ ይልሃል» አልኩት እንደምንም። ሽማግሌው ስልኩን አውጥቶ ማሳውን አሳየው። ተክሉ በሽቦ ላይ በረድፍ ተዘርግቷል። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። «እንደ ድር ወጥሮታል» አለ፣ የሽመና ሰው አይደል። ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ሲግባቡ እኔ መሐላቸው ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

«ልጅ አለው?»

አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ከተማ ገብታ ባንክ ቤት ትሠራለች። «የወይን ሥራ አልወድም፣ ለሌላ ሰው ስጠው ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ» አለ ሽማግሌው፣ ፊቱ ጠቆር ብሎ።

አባቴ ትርጉሙን ሰምቶ ስልኩን መለሰለት። «እድለኛ ነው በይው። ፊት ለፊት ነገረችው። የኔዋ ሥራዋን ትደብቀኛለች።»

አባቴ እንግሊዝኛ አያውቅም። የፈለግኩትን ብተረጉም የሚይዘኝ አልነበረም። «መልካም ልጅ ናት አለ» ብል ሽማግሌው ፈገግ ይላል፣ ነገሩም ያልፋል። አፌን ከፈትኩና ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ ሥራዋን ትደብቀኛለች።

ሽማግሌው አዘነለት። «ልጅህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ብሎ ጠየቀ።

ወደ አባቴ ዞርኩ። «ልጅህ ምንድን ነው የምትሠራው ይልሃል።»

«እኔ በምን አውቃለሁ? አልነገረችኝም። አንቺ የምታውቂ ከሆነ ንገሪው።»

አለቃዬ አንዴ እኔን አንዴ አባቴን ያያል። ነገሩ የገባው ያኔ ይመስለኛል። እኔ ሽማግሌውን ትቼ አባቴን እያየሁ በአማርኛ ተናገርኩ፦ «እዚሁ ነው የምትሠራው። ወይን ታስመጣለች። ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው።»

አባቴ «እሺ» አለ። የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተሰናበተና ወጣ።

ለአለቃዬ ምን እንዳልኩት አላስታውስም፣ አባቴን ተከተልኩት። አስፋልቱ ዳር ባጃጅ እየጠበቀ አገኘሁት። ዐስር፣ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ ስለደረሰ ወደ መስጊድ ሊሄድ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከጀመርሽበት ወር። ወደቡ ላይ የሚጭን የሚያወርደው ግማሹ የኔ ጓደኞች ልጅ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ጠይቄሽ ነበርኮ። ፓስታና ዘይት አልሽኝ።»

እንባዬ መጣ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ እሱም «አላህ ይቅር ይበልሽ፣ እኔስ አባትሽ ነኝ» አለ። ሥራውን እንደማይወደው ነገረኝ፤ ሀራም ሀራም ነው፣ ወረቀቱም ቢሆን፣ አለ። የሰጠሁት ፈትዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈረሰ። አልተከራከርኩም። ሦስት ዓመት ስሸሸው የኖርኩትን ነገር ራሴው አወጣሁት።

«አባ፣ ልተወው?»

ባጃጅ መጥቶ ቆመ። አባቴ ገብቶ ተቀመጠ፣ ቀኝ ጆሮው ወደኔ ነበር።

«ተዪው ብልሽ ትተሽው ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ?»

ሊወጋኝ ብሎ አልነበረም። እውነት መልሱን ፈልጎ ጠየቀኝ፣ ጥቂትም ጠበቀ። ከዚያ ሹፌሩን «እንሂድ» አለው።