በመዳብ ሽቦ የታሰረችው መኪና

ራሕመት የሐርቡ ልጅ ናት። ጅዳ ስትገባ ስለ አሮጌ መጫወቻ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ማዳሟ ሳሎን ውስጥ ግን የመስታወት ቁም ሣጥን ሞልቶ የቆርቆሮ መኪና፣ ባቡር፣ ሲያስተኟት ዓይኗን የምትከድን አሻንጉሊት ተደርድሮ ነበር። አንድ ቀን ባቡሩን በድስት መፈተጊያ ሽቦ ብትፈትገው ቀለሙ ተገፎ እጇ ላይ ቀረ። ማዳም ሰፈር እስኪሰማ ጮኸች። የዕቃዎቹ ባለቤት፣ የማዳም ትልቁ ልጅ፣ ግን አልተቆጣም። አጠገቧ ቁጭ ብሎ አሳያት። ቀለም ያለበት ቆርቆሮ ውሃ አይነከርም፤ ጥጥ በሳሙና ውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ቀስ ብሎ መጥረግ ነው። አቼቶ የሚነካው ቀለም የሌለበትን ዝገት ብቻ ነው። ጎማውን የሚያሽከረክረው ሞላ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብ ከተደረገለት ይበቃዋል።

«የለቀቀውን ቀለም ደግሞ አትቀቢው» አላት። «አሮጌውን አዲስ ካስመሰልሽው ገደልሽው።»

ከማዳም ቤት ተጣልታ ስትወጣ የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማ አስመጪዋ ከፊል ዘንድ ቀረ። ሙያው ግን አብሯት ወጣ። ሰቢል በሚባለው የጅዳ ሰፈር፣ የሰው ቤት እያጸዳች ከምትተዳደር ሰዓዲያ ከምትባል የደሴ ሴት ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ፣ መስኮቱ ሥር ጨርቋን ዘርግታ መሥራት ጀመረች። ዕቃውን የሚያመጣላት ኑረዲን ነበር፤ የአገሯ ልጅ፣ ከሚሴ ሚስትና ልጆች ያሉት ጎልማሳ። ሐራጅ ገበያ ከተከመረው ውዳቂ መሀል አሮጌ መጫወቻ ይለቅማል፣ እሷ ነፍስ ትዘራበታለች፣ እሱ ተቀብሎ መካ ይወስደዋል። እዚያ ነካሳ በሚባል ሰፈር አቀበቱ ላይ ሐጂ ዩኑስ የሚባል ባለሱቅ ተቀብሎ፣ የልጅነታቸው ዕቃ ለሚናፍቃቸው ሀብታሞች ይሸጠዋል። እንዲህ እየተቀባበሉ ዓመታት ኖሩ፤ ማንም ማንን ጠርጥሮ አያውቅም።

ጥቅምት 2006 ሊያልቅ ሲል ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አበቃ። ሰቢል በአንድ ሌሊት ሌላ አገር ሆነ። ጀዋዛቶች፣ ወረቀት የሚቆጣጠሩት ፖሊሶች፣ ቤት ለቤት ይገባሉ ተባለ። ሰላምታ ሲሰጥ የኖረ ጎረቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ያይ ጀመር። ደረጃ ላይ ኮቴ ሲሰማ ሁለቱ ሴቶች መብራቱን ያጠፋሉ።

«ሰው ዘንድሮ ወንድሙንም ይሸጣል» ትላለች ሰዓዲያ። «ያ ኑረዲን እንዴት ነው እሱ ብቻ መካ እየደረሰ የሚመለሰው? ማን ነው የሚያሳልፈው?»

«የሚያውቀው ሾፌር አለ።»

«ሾፌሩስ ማንን ያውቃል?»

ራሕመት ጥጧን ነክራ ሥራዋን ቀጠለች። ነገሩ ግን ሆዷ ገባ።

በዚያው ሰሞን ኑረዲን አንዲት ቀይ የቆርቆሮ መኪና ይዞ ተመለሰ። ራሕመት ብዙ ደክማባት መካ የላከቻትን መኪና ትመስላለች። ሐጂው «የተቀባ ዕቃ ነው፣ አልፈልግም» ብሎ መልሷት ነበር። ራሕመት ተቀብላ ገለበጠቻት። የላከቻት መኪና ሆዷ ሥር ካሉት መያዣዎች አንዱ ተሰብሮ ስለነበር፣ እንዳይነቃቀል በቀጭን የመዳብ ሽቦ አስራው ነበር። ይህችኛዋ ግን መያዣዋ ሁሉ ደህና ነው፤ ሽቦም የለባት። ቀለሟም ወፍራም፣ ገና የሚሸት።

«ይቺ የኔ መኪና አይደለችም» አለች።

«የሰጡኝን ነው ያመጣሁት።»

«የኔዋን የት አደረስካት?»

ኑረዲን መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቅ አለ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ወላሂ፣ ራሕመት፣ እጄ የለበትም።»

«ሁሉም ወላሂ ይላል። ኸላስ፣ ሁለተኛ ደጄ አትምጣ።»

እሱም አልተከራከረም። ጫማውን አጥልቆ ወረደ። ሰዓዲያ ከኋላ «ደግ አደረግሽ» አለች። ራሕመት ግን ቀልቧ አላረፈም። የምትሠራው ነገር ሁሉ ከእጇ ይወድቅ ጀመር። በመጨረሻ ዓባያና ኒቃቧን ለብሳ፣ ከዑምራ ተጓዦች ጋር አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተሸጉጣ መካ ሄደች። ኬላው ላይ ወታደሩ አንገቱን አስግጎ ሴቶቹን ቃኘና «ያላ» ብሎ አሳለፋቸው።

ነካሳ ደርሳ ሱቁ ስትገባ ቀይዋ መኪና መስታወት ውስጥ ተቀምጣለች።

«ይቺ ከየት መጣች፣ ሐጂ?»

«ከሪያድ» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ።

«እስቲ ገልብጥልኝ።»

«ለሚገዛ እንጂ ለሚያይ አልገለብጥም።»

ይህን ሲባባሉ ሽቶ የሚሸት አንድ ገዢ ገብቶ መኪናዋን ጠየቀ። ሐጂው ሳይወድ አወጣለት። ሰውየው አገላብጦ ሲያያት የመዳብ ሽቦው ብልጭ አለ።

ራሕመት አፏን ልትከፍት ስትል ሐጂው ቀደማት። ድምፁን ዝቅ፣ ፈገግታውን ሰፋ አድርጎ፣ «አንቺ ልጅ፣ ኢቃማሽን ይዘሻል? ወይስ የሚጠይቅሽ ሰው ልጥራልሽ?» አላት።

ኒቃቧን አስተካክላ ወጣች። አቀበቱን ስትወርድ ከፍርሃቱ ይልቅ ያቃጠላት ያባረረችው የኑረዲን ፊት ነበር።

ጅዳ እንደተመለሰች ፍለጋ ወጣች። የቀን ሠራተኞች ከሚቆሙበት ማዕዘን አንድ የሚያውቃት ሰው ነገራት። ኑረዲን የመካው ሥራ ከቀረበት ወዲህ እዚያ እየቆመ የጉልበት ሥራ ይጠብቅ ነበር፤ የጀዋዛት መኪና መጣና ሁሉንም አፍሶ ሹመይሲ እስር ቤት ወሰዳቸው። ራሕመት ቤቷ ገብታ፣ የቀሩትን መጫወቻዎች በጨርቅ ጠቅልላ ለቤት አከራዩ ልጆች ሰጠች። ሰዓዲያ «አበድሽ? እንደበቅ እንጂ!» ብትላትም አልሰማችም። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ፣ እጃቸውን ሊሰጡ ከወጡት የአገሯ ልጆች ጋር ወደዚያው የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ሹመይሲ እስር ቤት ሴትና ወንድ ለየብቻ ነው። ኑረዲንን ያገኘችው አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ላይ ነው። ከስቷል፤ ጫማውም የራሱ አይደለም።

«ነካሳ ሄጄ ነበር» አለችው። «ሐጂው ነው።»

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ወላሂ አልኩሽ እኮ» አለ ኑረዲን። «ከዚያ በላይ ምን ልበልሽ?»

ራሕመት «አውፍ በለኝ» ብላ ይቅርታ ለመነችው። እሱም «አላህ አውፍ ይበልሽ» አለ፤ «እኔም ብያለሁ» ግን አላለም። ቦሌ ሲደርሱ ሻንጣዋን ከጋሪው አውርዶላት፣ የከሚሴን መኪና ፍለጋ ብቻውን ሄደ። ራሕመት ኮምቦልቻ ገብታ ትዳር መሠረተች። ኑረዲን በተከታዩ ዓመት በየመን በኩል ተመልሶ ለመሻገር መነሣቱን ሰምታለች፤ ለሚስቱ ደውላ «ደረሰ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ ሚስቱ «አንቺ ማን ነሽ?» አለቻት። ስሟን ተናገረች። ስልኩ ተዘጋ።