አትክልት ነው ያልኳት እባብ

እናቴ ጫማዋን ሳታራግፍ አድርጋ አታውቅም። ሎስ አንጀለስ ገብተን፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መኖር ከጀመርን በኋላ እንኳ፣ ጠዋት በሩ አጠገብ ቁጭ ትልና ጫማዋን ገልብጣ ወለሉ ላይ መታ መታ ታደርገዋለች። ከዚያ የእኔን ታነሳለች። «እማ፣ እዚህ እኮ ሦስተኛ ፎቅ ነው» ስላት፣ «ቢሆንም» ትለኛለች።

ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ነበራት። አባቴ አዋሽ ዳር ባለ የጥጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነጂ በነበረበት ጊዜ፣ ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው እባብ ነድፎት ሞተ። ከዚያ ወዲያ ወላጆቼ አካባቢውን ለቀው አዲስ አበባ ገቡ፤ እኔም እዚያ ተወለድኩ። ስለ ወንድሜ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። እናቴ ስሙን ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም። እባብ የሚለውን ቃልም አትጠራም፤ «ያ አውሬ» ነበር የምትለው። እኔም ሣር ያለበት መናፈሻ ውስጥ በባዶ እግሬ ሳልሄድ አደግሁ።

ይህንን ሁሉ እያወቅሁ ነው እባብ የገዛሁት።

በፈረንጆቹ 2010ዎቹ አጋማሽ፣ ካሊፎርኒያ በድርቅ የተመታችበት ጊዜ ነው። የሰዉ ደጅ ሣር ሁሉ ቢጫ ሆኖ ነበር። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ሆኜ እሠራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሌጅ እማራለሁ። እናቴ ፌርፋክስ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ኪችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። ያለችንን አንዲት መኝታ ቤት «ለጥናትሽ» ብላ ለእኔ ለቅቃ፣ እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ ትተኛ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የባዮሎጂ አስተማሪያችን ክንዱ ላይ እባብ ጠምጥሞ ቤተ ሙከራ ገባ። «መንካት የምትፈልጉ?» አለ። ሌሎቹ ሲጠጉ እኔ ወደ በሩ ሸሸሁ። ተራው ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ግን፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም፣ እጄን ዘረጋሁ።

እርጥብና የሚያዳልጥ ይመስለኝ ነበር። ደረቅ ነው። አዲስ የቆዳ ቀበቶ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን አንድ ነገር ቀስ ብሎ ይላወሳል። የእጄ አንጓ ላይ ተጠምጥሞ ምላሱን እያወጣ እያስገባ ጣቶቼን አጤናቸው። ልቤ መጀመሪያ ደረቴን ሊሰብር ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ስንት ዘመን ስፈራ የኖርኩት የእናቴን ፍርሃት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ለጓደኛዬ «ፍርሃቴን ላሸንፍ ነው» አልኳት። ለራሴም ያንኑ ነገርኩት። እውነቱ ግን ወደድኩት፣ አለቀ። የእናቴ ኀዘን ያልነካው፣ የራሴ ብቻ የሆነ ነገር እዚያ ቤት ውስጥ እንዲኖረኝ ፈለግሁ። ስንት ነገር እያለ ግን የመረጥኩት እሱኑ ነው።

ጓደኛዬ የጴንጤ ልጅ ናት። መኪና ያላት እሷ ስለሆነች፣ ኖርዝ ሆሊውድ ወዳለው የእንስሳት ሱቅ ድራይቭ አድርጋ የወሰደችኝ እሷ ናት።

«ሶ፣ እማን ምን ልትያት ነው?» አለችኝ መንገድ ላይ።

«ገና አላሰብኩበትም።»

«ኖ፣ አስበሽበታል። አልነግራትም ብለሽ ነው ያሰብሽው።»

ሱቁ በር ላይ ፓርክ አድርጋ፣ «እኔ በኢየሱስ ስም አልገባም፤ እዚሁ እጸልይልሻለሁ» አለች። ብዙም ሳይቆይ ግን ተከትላኝ ገባችና ከጥንቸሎቹ አጠገብ ቆመች።

የሱቁ ባለቤት ጸጉሯ የሸበተ፣ ክንዶቿ በንቅሳት የተሸፈኑ ፈረንጅ ሴት ነበረች። ለጀማሪ የሚሻለው «የበቆሎ እባብ» የሚባለው ዝርያ ነው አለችኝ፤ መርዝ የለውም፣ ትልቅም አይሆንም። አንድ በአንድ እያወጣች እጄ ላይ አደረገችልኝ። የመጀመሪያው ብርቱካናማ ነው፣ እሳት የመሰለ፤ ከእጄ ወደ ክርኔ፣ ከክርኔ ወደ አንገቴ ሊሸሽ ቸኮለ። ሁለተኛው ነጭ ነው፤ ዓይኑ ቀይ ስለሆነ ደስ አላለኝም። ሦስተኛው ደብዛዛ ቡናማ፣ ከሁለቱ በዕድሜ ከፍ ያለ ነበር። እጄ ላይ ሲወርድ ራሱን መዳፌ ውስጥ ደብቆ ተቀመጠ።

«እሱ አንድ ጊዜ ተሽጦ የተመለሰ ነው» አለች። «የገዛው ሰውዬ ባለቤቱ አልወደደችውም። እስኪለምድ ያፍራል እንጂ ጥሩ ልጅ ነው።»

«እሱን እወስዳለሁ» አልኳት።

መኖ ስለመስጠት፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ሣጥኑ መዝጊያ እየነገረችኝ ድንገት አቋረጠችና፣ «ቤት ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ከእናቴ ጋር።»

«ተስማምታለች? እንደገና ተመልሶ እንዲመጣ አልፈልግም።»

«አዎ፣ ኦኬ ናት» አልኳት።

ጓደኛዬ ከጥንቸሎቹ ዞር ብላ አየችኝ። እስከ ቤታችን ድረስ ነዳች፤ እባቡ ጭኔ ላይ በጨርቅ ከረጢት ውስጥ ታጥፎ፣ እሷ መስኮቱን በሙሉ ከፍታ።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ የመስታወቱ ሣጥን መኝታ ቤቴ ጥግ ተቀምጧል፤ ላዩ ላይ አሮጌ አንሶላ ጥዬበታለሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«አትክልት ነው፣ እማ። የኮሌጅ ፕሮጀክት። ብርሃን አይወድም፣ አንሶላውን እንዳትገልጪው።»

ፊቷ በራ። የልጇን ትምህርት እንደ ቤተ መቅደስ ነበር የምታየው። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ በር ስታልፍ በእግር ጣቷ ሆነ። ለምግብ ቤቱ ሴቶች «ልጄ ቤት ውስጥ ምርምር ላይ ናት» ብላ አወራችላቸው። ምሳ ልወስድ ጎራ ያልኩ ቀን አንዷ፣ «ተመራማሪዋ መጣች!» ብላ ስትቀልድ እናቴ ከኪችኑ መስኮት አንገቷን አውጥታ ስትስቅ አየኋት። ምሳዬን ተቀብዬ ቶሎ ወጣሁ።

ብርዱ ሲገባ ከሱቁ የገዛሁት ማሞቂያ ተበላሸ። እባቡ መብላት አቁሞ ጥቅልል ብሎ ቀረ። እኔ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል እናቴ አየችኝ።

«ምን ሆነሻል?»

«አትክልቱ... በርዶታል መሰለኝ።»

ሄዳ ከሶፋው ትራስ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሞቀውን ጨርቅ ይዛልኝ መጣች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ ስትመጣ ጉልበቷ ላይ የምታደርገው ነው፤ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳትም።

«እንቺ። እኔ ካልሲ እደርባለሁ።»

«ይቅር እማ» አልኳት። አንዴ ብቻ። ሁለተኛ ብላት ኖሮ ትመልሰው ነበር። ተቀብያት ገባሁና ከእባቡ ሣጥን ሥር አነጠፍኩት። እሱ ሞቀውና መብላት ጀመረ። እሷ ጠዋት ከሶፋው ስትነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመረች።

መኖው ደግሞ በረዶ የሆነ አይጥ ነው። የት ላድርገው? በአይስክሬም ዕቃ ከትቼ ፍሪዘሩ ውስጥ፣ ከእሷ በርበሬ ጎን ደበቅሁት። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ አይስክሬም እንደማትነካ አውቃለሁ። ጾሟን መደበቂያ አደረግሁት ማለት ነው። እባቡን ሳበላ ከግድግዳው ማዶ ውዳሴ ማርያም ስትደግም ይሰማኛል። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ እተኛለሁ፤ ጠዋት ጫማዬን ስታራግፍልኝ ሳይ ደግሞ ጫማውን ተቀብያት እወጣለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እያለሁ ደወለችልኝ። በሥራ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«ነይ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ስደርስ የሕንፃው ደጅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እግሯ ባዶ ነው። ጭኗ ላይ በሁለት እጇ የያዘችው ድስት አለ፤ ውስጡ ሩዝ ያጠበችበት ውሃ ነው። በድርቁ ምክንያት ውሃ መድፋት ኃጢአት ይመስላት ስለነበር፣ የእጥበቱን ውሃ ሁሉ ለደጁ አበባ ታስቀምጥ ነበር። አንድ ጠብታ ሳይፈስባት ነው ሦስት ፎቅ የወረደችው።

«ላጠጣልሽ ብዬ ነው» አለችኝ ሳታየኝ። «እንዳይደርቅብሽ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው፣ «እማ፣ መርዝ የለውም» የሚል ነበር። ይቅርታ እንኳ አልነበረም።

አላፊ አግዳሚው ያየናል። ከዚያ በቀስታ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ጀመረች።

«እኔ ነኝ የላክሁት። ነጠላዬን አጥቤ ሣሩ ላይ አስጥቼ ነበር። ሄጄ ላነሳው እችል ነበር። እጄ አረፋ ስለሆነ፣ 'የኔ ጌታ፣ ነጠላዬን አምጣልኝ' አልኩት። እየሳቀ ነው የሮጠው፤ መላክ ይወድ ነበር። ከነጠላው ሥር ነበር የተኛው ያ...» ቃሉን አልጨረሰችውም። «አባትሽ እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን አንቺ ነሽ ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እማ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም።»

«ያንቺም አይደለም» አለችኝ። «አንቺ አታውቂም።»

ግን አውቅ ነበር። ነጠላውን አላወቅሁም እንጂ እባቡን አውቅ ነበር። ይህንን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እጄን ያዘችኝና ድስቱን ሰጠችኝ።

ወደ ላይ አልመለስም አለች። ጫማዋንና ጥቂት ልብስ አመጣሁላት፤ ጓደኛዬ መጥታ ኮሪያታውን ሰፈር ወደሚኖሩት የማኅበር ጓደኛዋ፣ እኔ እትዬ ወደምላቸው ሴትዮ ቤት ወሰደቻት። መኪናው ውስጥ ከገባች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«መንገድ ላይ እንዳትጥዪው። ነፍስ ነው» አለችኝ።

እባቡን የባዮሎጂ አስተማሪዬ ተቀበለኝ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ቦታ አለ፣ ተማሪዎቹም ይንከባከቡታል አለ። ከከረጢቱ ሳወጣው እንደዚያው እንደ መጀመሪያው ቀን ራሱን መዳፌ ውስጥ ደበቀ። ለእሱ እኔ ሁለተኛዋ መላሽ ነኝ። አስተማሪው ምክንያቱን አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው አላውቅም። ቤት ተመልሼ ፍሪዘሩን አጠብኩ፣ ወለሉን አጠብኩ፣ የጉልበት ማሞቂያውን ጥዬ አዲስ ገዛሁላት።

እናቴ ፋሲካ ሳይደርስ ተመለሰች። መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ «የለም?» አለች።

«የለም፣ እማ።»

ገብታ አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ወደ ኪችን ሄዳ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። አበቃ ብዬ ነበር። አላበቃም። ከዚያ ወዲያ ስታናግረኝ እንደ እንግዳ ሆነ፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ብትፈልጊ... ካላስቸገርኩሽ...» እያለች። ብትቆጣኝ እመርጥ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ከእትዬ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት።

«ልጅቷ እኮ ወዳው ነበር» ትላለች። «ሌላ ሰው ልጁ ውሻ ቢፈልግ፣ ድመት ቢፈልግ ይገዛል። እኔ ግን የራሴን ጣጣ አምጥቼ አስጣልኳት።»

በሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ገብቼ «እንደዚያ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ወደ ኋላ ተመልሼ ሕንፃውን ዞርኩት፤ ስልኩን ዘግታለች ብዬ እስካስብ ድረስ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ እሷ የምታርፍበት ቀን፣ ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። ገና ነጠላዋን አላወለቀችም። እጇ ላይ ውሃ የሞላ የላስቲክ ከረጢት አለ፤ ውስጡ አንዲት ትንሽ ወርቃማ ዓሣ ትዋኛለች። በአውቶቡስ ብቻዋን ሄዳ ነው የገዛችው። እንግሊዝኛዋ የኪችን እንግሊዝኛ ነው፤ እንዴት ብላ እንደጠየቀቻቸው አላውቅም።

«አትነክስም አሉኝ» አለች። «ላንቺ ነው። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«እማ፣ እኔ ነኝ እንጂ...»

«ተይ ተይ፣ ውሃው ይቀዘቅዝባታል» ብላ ከረጢቱን እጄ ላይ አደረገችው።

የሰላጣ ሳህን አወጣን። ውሃ ሞላንና ዓሣዋን ቀስ ብለን አፈሰስናት። እናቴ ከተሰጣት መኖ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ጣል አደረገችላት፣ አንገቷንም ደፍታ ጠበቀች። ዓሣዋ ወደ ላይ ወጣች።

«በላች!» አለች፣ ደስ ብሏት ክንዴን ያዝ አድርጋ።

«አዎ፣ በላች» አልኳት፤ ፊቴን እንዳታየው ወደ መስኮቱ ዞሬ።